ጨረሩ ስላጠረ ተስፋ ተቆረጠ ማለት አይደለም

«ሕክምናው ካጠረማ አባባን ትተዋቸዋል» እንላለን። ቆይ እንጂ! ግሊዮብላስቶማ ለተባለው የአንጎል ካንሰር የተለመደው ጨረር 30 ቀጠሮ፣ ስድስት ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የካናዳ ጥናት 60 ዓመት የሞላቸውን ሕመምተኞች ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በ15 ቀጠሮ፣ በሦስት ሳምንት ጨረሰላቸው። የዕድሜ ልዩነት አልታየም፤ ከሁለቱም ወገን የሚበዙት ስድስት ወር አልሞሉም።

እንዲህ ላጠረ ዕድሜ ሦስት ሳምንት ትልቅ ሀብት ነው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ማዕከል በነበረባት አገራችን፣ ከክፍለ ሀገር በሽተኛ ያመጣ ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል፦ የአልጋ ኪራይ ይቀንሳል፤ ማሽኑም ለሌላው ወረፋ ጠባቂ ይደርሳል። ለወጣቶች ረጅሙ እንዳለ ይሁን። ለአዛውንቶቻችን ግን ሐኪሙ «ይጠር» ሲል አንቆጣ። የተረፈውን ጊዜ ቤታቸው ቡና ይጠጡበት።