ሚሲሲፒን የወከለው ማን ነበር?

በዋሽንግተኑ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ በተለምዶ ሴኔት በምንለው፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ሁለት ወንበር አለው። 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያ ሁለት፣ ስድስት መቶ ሺህ የማትሞላው ዋዮሚንግም ሁለት። ስለ ሴኔቱ ኢፍትሐዊነት የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሒሳብ አያልፍም። ሒሳቡ ልክ ነው። ከጀርባው ግን የከፋ ጥያቄ አለ፤ ወንበሮቹ የክፍለ ግዛቱ ናቸው ሲባል ክፍለ ግዛቱ ማን ነው? ነዋሪው ሁሉ ነው ወይስ የመራጮችን መዝገብ በእጁ ያስገባው ወገን? ለዚህ የሚሲሲፒን ያህል የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። ሴናተር የሚወክለው ድምፅ የሚሰጠውን ብቻ መሆኑን ማንም ይገምታል። እምብዛም የማይነገረው ሌላው ነው፦ በሚሲሲፒ ድምፅ ሰጪው ባነሰ ቁጥር ሴናተሩ ዋሽንግተን ላይ እየፈረጠመ ሄዷል።

ሚሲሲፒ ወደ ኅብረቱ የገባችው በ1817 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1860ው ቆጠራ 791,305 ነዋሪ ነበራት፤ ከእነዚህ 436,631ዱ ባሮች ነበሩ። ለታችኛው ምክር ቤት ወንበር ሲደለደል ሕገ መንግሥቱ አንዱን ባሪያ እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው ይቆጥረው ነበር፤ በሴኔት በኩል ግን የሰው ቁጥር ስለማይጠየቅ ያ አሳፋሪ ክፍልፋይ እንኳ አላስፈለገም። ሴናተሮቹን የሚመርጠው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነበር፤ ምክር ቤቱን ደግሞ ነጭ ወንዶች ይመርጡታል። ጀፈርሰን ዴቪስ የተላከው በዚህ መንገድ ነው። ሚሲሲፒ በጃንዋሪ 1861 ስትገነጠል እሱም ሴኔቱን ተሰናብቶ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የተገንጣዮቹ ፕሬዚዳንት ሆነ። ወንበሩ ዘጠኝ ዓመት ባዶውን ቀረ።

በ1870 ሚሲሲፒ ተመልሳ ስትገባ ጥቁሮች መምረጥ ጀምረው ነበር፤ ውጤቱም ወዲያው ታየ። አዲሱ ምክር ቤት ሃይረም ሬቭልስ የተባለ ሰባኪ ላከ። ሬቭልስ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከባርነት ነፃ ሆኖ የተወለደ ሰው ነው። ዴሞክራቶቹ ያነሡበት ተቃውሞ የጠበቃ ብልጠት ነበረው፦ ሴናተር ለመሆን የዘጠኝ ዓመት ዜግነት ያስፈልጋል፤ በ1857ቱ የድሬድ ስኮት ፍርድ ጥቁር ዜጋ አይደለም፤ ስለዚህ ሰውየው ዜጋ የሆነው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ከጸደቀበት ከ1868 ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ሰባት ዓመት ይጎድለዋል! ሦስት ቀን ከተከራከሩ በኋላ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 48 ለ8 በሆነ ድምፅ ቃለ መሐላ ፈጸመ። በታሪኩ ከማንኛውም ክፍለ ግዛት ሴኔቱ ውስጥ የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር ነው።

ሬቭልስ የዴቪስን ወንበር ወረሰ የሚል ደስ የሚል አፈ ታሪክ አለ፤ ሬቭልስ የተቀመጠው ግን በሌላኛው፣ አልበርት ብራውን በተወው ወንበር ነው። የዴቪስ ወንበር መጀመሪያ ለሰሜኑ ጄኔራል ለአደልበርት ኤምስ፣ ከዚያ ጥቂት ጊዜ ለሄንሪ ፒዝ፣ በ1875 ደግሞ በቨርጂኒያ ባሪያ ሆኖ ለተወለደው ለብላንች ብሩስ ደረሰ። እውነቱ ከአፈ ታሪኩ ይልቃል።

ብሩስ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ቀን በልማዱ መሠረት አጅቦ ወደ መድረኩ ሊወስደው የሚገባው የገዛ ክፍለ ግዛቱ ሴናተር ጄምስ አልኮርን ነበር። አልኮርን ከወንበሩ አልተነሣም። ብሩስ ብቻውን መንገድ ሲጀምር የኒውዮርኩ ሮስኮ ኮንክሊንግ ተነሥቶ አጀበው፤ ብሩስም በኋላ ለልጁ ሮስኮ ኮንክሊንግ ብሎ ስም አወጣለት። እስከ 1881 ሙሉ የስድስት ዓመት ዘመኑን ጨረሰ፤ በ1879 አንድ ቀን የሴኔቱን ስብሰባ በሊቀ መንበርነት መራ። ነገር ግን እሱ ዋሽንግተን ተቀምጦ ሳለ አገር ቤት የላኩት ሰዎች በጠመንጃ እየተበተኑ ነበር። በ1875ቱ ምርጫ የታጠቁ የነጮች ቡድኖች ጥቁር መራጮችን ከምርጫ ጣቢያ አባረሩ፣ ገደሉ፤ ድምፁ ወደ ዴሞክራቶች ተገለበጠ። ብሩስ ሴኔቱ እንዲመረምር ጠየቀ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሪፖርት ተጻፈ፣ ሪፖርቱም መደርደሪያ አሞቀ። መራጩ የተወሰደበት እንደራሴ የቀረው የዘመኑን ማብቂያ መጠበቅ ብቻ ነበር።

በብሩስ ቦታ የተተካው ጄምስ ጆርጅ ነው። በ1875 የዴሞክራቶቹን ዘመቻ ከላይ ሆኖ የመራው ይኸው ሰው ነበር። ጆርጅ ጠመንጃ ለዘለቄታው እንደማያዋጣ የገባው የሕግ ሰው ነው፤ ስለዚህ በ1890 የሚሲሲፒን አዲስ ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጁ ዋናው አርቃቂ ሆነ። ሰነዱ ውስጥ ጥቁሮች አይመርጡም የሚል ቃል አታገኙም። የምታገኙት የሁለት ዶላር የነፍስ ወከፍ ግብር ነው። የምታገኙት አመልካቹ ከሕገ መንግሥቱ አንድ አንቀጽ አንብቦ ወይም ሲነበብለት ሰምቶ መዝጋቢውን በሚያረካ መንገድ እንዲያብራራ የሚያዝ ድንጋጌ ነው፤ መዝጋቢው ደግሞ ማን እንዲያረካው እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያውቃል። የመምረጥ መብት የሚያሳጡ ወንጀሎች ዝርዝርም አለ። በዝርዝሩ ስርቆት፣ ማጭበርበርና ከአንድ ሚስት በላይ ማግባት ተካተዋል፤ ነፍስ ግድያ የለም። አርቃቂዎቹ ጥቁሮች የሚፈጽሙት ነው ብለው ያመኑትን ወንጀል ነበር የመረጡት። ግድያ ዝርዝሩ ውስጥ የገባው በ1968 ነው።

ሥራው ወዲያው ፍሬ ሰጠ። ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ከ140 ሺህ በላይ ጥቁሮች መካከል የተመዘገቡት ዘጠኝ ሺህ አልሞሉም። ግብሩን መክፈል ያቃተው ድሃ ነጭም አብሮ ተራገፈ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1898 ጉዳዩ ሲቀርብለት ጽሑፉ ዘር አይጠቅስም ብሎ አሳለፈው።

ከዚያ በ1913 የመጣው 17ኛው ማሻሻያ ሴናተሮች በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ አደረገ። (የኛ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት እስከ ዛሬ በክልል ምክር ቤቶች አማካይነት ነው የሚላኩት፤ ስለዚህ የቀድሞው የአሜሪካ አሠራር ለኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም።) በብዙ ቦታ እርምጃው የሕዝብ ድል ነበር። በሚሲሲፒ ግን ሕዝብ የተባለው አስቀድሞ ተመጥኖ አልቋል። የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ለነጮች ብቻ ነው፣ ፓርቲውም አንድ ብቻ፣ የዴሞክራቶቹ። ማሻሻያው ገና ሳይመጣ፣ በ1910፣ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በዝግ ተሰብስቦ ባለጸጋውን ሊሮይ ፐርሲን ሾመ፤ በቀጣዩ ዓመት በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ነጭ መራጮች ጣሉትና ጄምስ ቫርደማንን አነሡ። ቫርደማን የድሃ ነጭ ገበሬ ጠበቃ ነኝ ባይ ነበር፤ ዋናው ስንቁ ግን የጥቁር ጥላቻ ነው። መርጦ የመሻር መብት ለከፊሉ ብቻ ሲሰጥ ያ ከፊል የባሰውን ሊያነግሥ እንደሚችል ሚሲሲፒ አሳየች።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልመለስ። ሴኔት ውስጥ ሥልጣን ያለው ኮሚቴ ላይ ነው፤ የኮሚቴ ሊቀ መንበርነት ደግሞ በዚያ ዘመን የሚገኘው በመቆየት ነበር። የኒውዮርክ ወይም የኢሊኖይ ሴናተር በየስድስት ዓመቱ ሁለት ፓርቲዎች በሚፋለሙበት ሜዳ ይወድቃል ይነሣል። የሚሲሲፒው ግን የመራጭ መዝገቡ ጠባብ፣ ፓርቲው አንድ፣ ተቀናቃኙ እፍኝ ነው። ስለዚህ ይቆያል። በመቆየቱም የመላ አሜሪካ ሕግ በእጁ ያልፋል። አገር ቤት ድምፅ መንፈግ ዋሽንግተን ላይ ሥልጣን ሆኖ ይመነዘራል ማለት ነው። ጄምስ ኢስትላንድና ጆን ስቴኒስ ከ1947 እስከ 1978፣ ለ31 ዓመት፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስቴኒስ የጦር ኃይሎች ኮሚቴን መራ፤ በዴቪስና በብሩስ ወንበር 41 ዓመት ቆየ። ኢስትላንድ የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴን ከ1956 ጀምሮ ለ22 ዓመት ያዘ። የሲቪል መብት ረቂቆች የሚመሩት ወደዚያ ኮሚቴ ነው፤ መቃብራቸውም እዚያው ነበር። በ1964 የሴኔቱ መሪዎች የሲቪል መብት ሕጉን ለማዳን ያገኙት ዘዴ ወደ ኢስትላንድ ኮሚቴ ጨርሶ አለመላክ ነው።

ኢስትላንድ በሰንፍላወር ካውንቲ ሰፊ የጥጥ እርሻ ነበረው። በዚያው ካውንቲ ሩልቪል በምትባል ከተማ አቅራቢያ በሌላ ሰው እርሻ ላይ የምትሠራ ፋኒ ሉ ሄመር የምትባል ሴት ነበረች። በኦገስት 1962 ለመራጭነት ልትመዘገብ ሄዳ መዝጋቢው መለሳት፤ የእርሻው ባለቤትም 18 ዓመት ከኖረችበት መሬት አስወጣት። ይህች ሴት በወረቀት ላይ ሁለት ሴናተሮች ነበሯት። አንደኛው ጎረቤቷ ነው።

በ1964 ከሚሲሲፒ ጥቁሮች የተመዘገቡት ከመቶ 7 አይሞሉም ነበር። የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ወጥቶ የፌዴራል መዝጋቢዎች ሲላኩ በሁለት ዓመት ውስጥ 60 በመቶ ተጠጋ። ይህን ሁሉ የሠራው አንድ ሕግ ነው። ልብን መለወጥ ይቀድማል ለሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ማሳየት እወዳለሁ።

ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ቀና መንገድ አይደለም። ኢስትላንድ በ1978 ሲለቅ፣ ቀደም ሲል የተገደለው የመብት ታጋይ የሜድጋር ኤቨርስ ወንድም ቻርልስ ኤቨርስ በግል ተወዳድሮ ከመቶ 23 ያህል ድምፅ አገኘ። የዴሞክራቶቹ ድምፅ ተከፈለና ታድ ኮክራን በ45 በመቶ አለፈ፤ ከብሩስ ወዲህ የመጀመሪያው የሚሲሲፒ ሪፐብሊካን ሴናተር ሆነ። ነጮቹ መራጮች ቀስ በቀስ ጠቅልለው ወደ ሪፐብሊካን ተሻገሩ። ይኸው ኮክራን በ2014 በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ከቀኝ በኩል ሊሸነፍ ሲል ጥቁር ዴሞክራቶች ገብተው ከ8,000 ባነሰ ልዩነት አዳኑት። አያቶቻቸው በር ላይ የተመለሱባት ምርጫ ናት። ማይክ ኤስፒ የተባለው ጥቁር ዴሞክራት በ2018 እና በ2020 ለዚሁ ለኮክራን፣ ማለትም ለሬቭልስ ወንበር ተወዳድሮ ሁለቴም ተሸነፈ።

ታዲያ ምን ይጠበስ፣ አሁን ሁሉም ይመርጣል፣ ብዙኃኑ ያሸንፋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ከመቶ 38 የሚሆነው ጥቁር ነዋሪ ለአንድ ዕጩ፣ አብዛኛው ነጭ ለሌላው ድምፅ ሲሰጥ 38ቱ ይሸነፋል፤ የመምረጥ መብት የማሸነፍ ዋስትና ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ብዙኃኑ የተባለው እንዴት ብዙ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በብሩስ ዘመን ብዙኃኑ ጥቁሮች ነበሩ፤ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መዳረሻ ድረስ ግማሽ ያህል ሆነው ኖረዋል። ቁጥራቸው የሚያሸንፍ በነበረበት ዘመን፣ ከጥቂት ዓመታት በቀር፣ እንዳይመርጡ ተደረገ፤ ብዙዎች ወደ ሺካጎና ወደ ዲትሮይት ከተሰደዱ በኋላ ምርጫው ተከፈተ። የ1890ው የወንጀል ዝርዝርም ከነማሻሻያዎቹ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 አጽንቶታል።

በካፒቶል ሕንፃ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የሁለት ልጆቹን ሐውልት ያቆማል። ሚሲሲፒ በ1931 የላከችው የጀፈርሰን ዴቪስንና የጄምስ ጆርጅን ነው። በአንዱ ወንበር ላይ በሁለቱ መካከል የተቀመጠው የብላንች ብሩስ ሥዕልም ሴኔቱ ዘንድ አለ፤ ያሠራው ግን ሴኔቱ ራሱ ነው፣ ሚሲሲፒ አይደለችም።