የእማማን ፒን የሱቁ ልጅ ያውቀዋል

ጅዳ ያለችው ልጅ ብር ልካለች። እናት ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ወደ ሰፈሩ ሱቅ ይሄዳሉ። «እስኪ እየው የኔ ልጅ፣ ገብቶልኛል?» የሱቁ ልጅ ስልኩን ይቀበላል፣ አፑን ይከፍታል፣ ፒኑን ራሱ ይመታል። አይጠይቃቸውም፤ ያውቀዋል። ባለፈው ወርም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም ወር የመታው እሱ ነው። «ገብቷል እማማ፣ ይኸውልዎት» ይላቸዋል። ስንት እንደገባ የሚያውቁት እሱ በነገራቸው ልክ ነው። እስካሁን አንድ ብር አልነካባቸውም፤ ጨዋ ልጅ ነው። የገንዘባቸው ደኅንነት የቆመው ግን በዚህ ብቻ ነው፤ በልጁ ጨዋነት።

እኚሁ እናት ማታ ያንኑ ስልክ ያነሳሉ። ማንንም አይጠሩም። ኢሞን ይከፍታሉ፣ የልጃቸውን ፎቶ በአውራ ጣታቸው ይነኩታል፣ ጅዳ ያለው ስልክ ይጮኻል። ካሜራውን ወደ ግቢው አዙረው አዲስ የተወለደውን ጥጃ ያሳያሉ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ዘግተው እንደገና ይደውላሉ። ፊደል አልቆጠሩም፣ ሥልጠና አልወሰዱም፣ «የዲጂታል ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚባል መድረክ ላይ ውሃና ኩኪስ ቀርቦላቸው አልተቀመጡም።

ስልኩ አንድ ነው። ጣቱም አንድ ነው። ታዲያ ማታ የሚችሉትን ቀን የማይችሉት ለምንድን ነው?

ከባንክና ከቴሌኮም ሰፈር የሚሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኅብረተሰቡ ገና አልለመደውም»። ይህ ዓረፍተ ነገር ከአፍ ሲወጣ ትሕትና ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ጥፋቱን ከሠሪው ላይ አንስቶ በተጠቃሚው ትከሻ ላይ የሚጭን ሐሰት ነው። ኅብረተሰቡ ተች ስልክ ለምዷል። ከገልፍ አገራት፣ ከቤሩት ልጁን የሚያነጋግር ገበሬ ሁሉ ለምዷል። ያልለመደው ስድስት ገጽ አልፎ፣ «ይቀጥሉ» የሚል ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጭኖ፣ በመጨረሻ «ያልተጠበቀ ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ጽሑፍ ማንበብን ነው። እሱን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅም አልለመደውም።

የዩኔስኮ የ2017 (እ.ኤ.አ.) አሃዝ እንደሚያሳየው፣ ዕድሜው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነው ኢትዮጵያዊ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ይህን የሚያውቅ ሠሪ ለዚህ አገር የገንዘብ አፕ ሲሠራ የመጀመሪያ ጥያቄው «የማያነብ ሰው በምን ይመራ?» መሆን ነበረበት። በቀለም? በምስል? በድምፅ? የኢሞ ፎቶ ይህን ጥያቄ በአንድ ስክሪን መልሶታል። የእኛ አፖች ግን ገና ሲከፈቱ ጽሑፍ፣ በጽሑፉ ላይ ማስታወቂያ፣ በማስታወቂያው ላይ የሎተሪ ባነር ነው። ገንዘብ መላኪያዋ ቁልፍ ባለፈው ወር ከላይ ነበረች፤ አፑ «ሲሻሻል» ወደ ታች ወርዳለች። በፊደል ሳይሆን በቦታ የሚያስታውስ ሰው መንገዱ በአንድ ሌሊት ተቀየረበት ማለት ነው።

ተች ስክሪን ከመምጣቱ በፊት በየኪሳችን የነበረው ቀፎ አንድ የተረሳ ነገር ነበረው። 5 ቁጥር ላይ ትንሽ ጉብታ። ዓይናማው ልብ አይላትም ነበር። ዓይነ ስውር ሰው ግን አውራ ጣቱን እሷ ላይ ካሳረፈ 1ም 9ም የት እንዳሉ ያውቃል፤ በጨለማ፣ በታክሲ ውስጥ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ መደወል ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፎን ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣ ያጣጣለው እነዚያን ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ የፕላስቲክ ቁልፎች ነበር። ለዓይናማው ልክ ነበር። ለዓይነ ስውሩ ግን ያ ቀን ስልክ ወደ ለስላሳ መስታወት የተለወጠበት ቀን ነው፤ ጣት የትም ቢያርፍ የሚነግረው ነገር የለም።

ታሪኩ እዚያ ቢቆም ኖሮ ተች ስክሪንን መርገም ይቻል ነበር። አልቆመም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ አፕል ቮይስኦቨር የሚባለውን ስክሪን አንባቢ በአይፎን 3ጂኤስ ላይ ይዞ መጣ። አንድሮይድም በዚያው ዓመት ቶክባክን ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጣትህን ስክሪኑ ላይ ስታንሸራትት ስልኩ ከጣትህ ሥር ያለውን በድምፅ ይነግርሃል፤ የምትፈልገውን ስታገኝ ሁለቴ ትነካለህ። በዚህ ብልሃት ያ ለስላሳ መስታወት ዓይነ ስውራን እስከዛሬ ካገኟቸው መሣሪያዎች ሁሉ የላቀ ሆነ። ጋዜጣ ያነባል፣ የብር ኖት ይለያል፣ መንገድ ያሳያል።

ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ስክሪን አንባቢው የሚያነበው አፑን የሠራው ሰው የጻፈለትን ነው። የቤት ሥዕል ያለበት ቁልፍ «መነሻ»፣ የቀስት ሥዕል ያለበት ደግሞ «ብር ላክ» እንደሚባል በኮዱ ውስጥ ካልተጻፈ ስልኩ የሚለው «ስም የሌለው ቁልፍ» ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለውም «ስም የሌለው ቁልፍ»። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ስም ለመስጠት የሚያስፈልገው በየቁልፉ አንድ መስመር ነው። የአንድ ፕሮግራመር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ። ለዚህ በጀት አልተያዘም የሚል ባንክ የማስታወቂያ ቢልቦርዱን ለአንድ ቀን ያውርድና ይሥራው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ በሆነ ሕዝብ ላይ ይህን ማስላት ለማንም አይከብድም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9 ስለ መንገድና ሕንፃ ብቻ አይናገርም፤ የመረጃና የግንኙነት ቴክኖሎጂን በስም ይጠራል፤ ለሕዝብ ክፍት አገልግሎት የሚሰጡ የግል ድርጅቶችንም ይመለከታል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂም ከርዕሱ ጀምሮ «አካታች ብልጽግና» ይላል። ርዕሱ ላይ አለ። ቁልፉ ላይ የለም።

እዚህ ላይ «ደኅንነት» የሚል ክርክር ይነሳል። አንዳንድ የባንክ አፖች ፒን ሲጠየቅ ቁጥሮቹን በየጊዜው ቦታ ያቀያይራሉ፤ ከጀርባ የሚያይ እንዳይሰርቅ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በቦታ የሚያስታውሱት እናት ፒናቸውን ራሳቸው እንዳያስገቡ የሚያደርገው ይኸው ነው። በስክሪን አንባቢ የሚጠቀመውማ የባሰ ነው፤ ማዳመጫ ካልሰካ ስልኩ ጣቱ የሚያልፍበትን ቁጥር ሁሉ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ታክሲው በሙሉ ይሰማል። እና ሁለቱም ምን ያደርጋሉ? የሚያምኑትን ሰው ይጠራሉ። ፒኑን ከአንድ አጮልቆ ከሚያይ ሌባ ለመጠበቅ ሲባል ለሱቅ ልጅ፣ ለጎረቤት፣ ለወንድም ልጅ እንዲሰጥ የሚያስገድድ አሠራር ደኅንነት ከተባለ፣ ቃሉ ሌላ ትርጉም አግኝቷል ማለት ነው።

ስለ ጣትም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ማንም አያነሳውም። የዛሬው ስክሪን የሚሰማው ግፊትን አይደለም፤ ከቆዳ የሚመጣን ጥቂት የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ሞፈር የያዘ፣ ድንጋይ የጠረበ፣ በልጅነቱ የሻከረ እጅ ለስክሪኑ እንጨት ይመስለዋል። ሊጥ ያቦካች ወይም ልብስ የምታጥብ ሴት እርጥብ ጣት ደግሞ ያላሰበችውን ይከፍትባታል። «አልነካም አለኝ» ሲሉ ብዙዎች የሚያፍሩት በራሳቸው ነው። ትንንሽና የተጠጋጉ ቁልፎች የተሳሉት ቢሮ ውስጥ ለሚውል ለስላሳ ጣት መሆኑን የነገራቸው የለም።

አሁን ወደ «ታማኝ ደንበኛ» እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚቋጠረው እዚህ ነውና። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተመዝጋቢው ከ40 ሚሊዮን ማለፉን ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ አሳውቋል። የሞባይል ባንክ ተጠቃሚ ብዛት የሚያውጅ ባንክም ሞልቷል። ከነዚህ አሃዞች ውስጥ እኚያ እናት አሉበት። የሱቁ ልጅ ፒናቸውን በመታ ቁጥር በሪፖርቱ ላይ «ንቁ ተጠቃሚ» ይሆናሉ። ሥርዓቱ የሚያየው ግብይቱን ነው፤ የማን ጣት እንደመታው አያይም። ውድቀቱ ራሱ ተቆጥሮ ስኬት ይባላል።

በአማርኛ «ደንበኛ» ዝም ብሎ ገዥ ማለት አይደለም። መርካቶ ውስጥ ደንበኛ የሚባለው አጠገቡ ሌሎች አሥር ሱቆች እያሉ አልፎ የሚመጣ ሰው ነው። መሄድ እየቻለ የሚመለስ። ነጋዴው ምራቂ የሚጨምርለትም ስለዚህ ነው፤ ነገ ሌላ ጋ እንደሚሄድ ያውቃል። ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ሲቀር፣ በማደያው የተሰለፈ አሽከርካሪ አፑን የከፈተው ወዶት ነበር? ጥሬ ገንዘብን መቀነስ በራሱ ጥሩ ዓላማ ሊሆን ይችላል። ሌላ በር ተዘግቶበት የመጣን ሰው ግን «ታማኝነቱን አሳየ» ብሎ መቁጠር የመርካቶ ነጋዴ እንኳ የማይደፍረው ነገር ነው።

ታማኝነት በተች ስክሪን ዘመን እንዴት እንደሚገኝ ማየት የሚፈልግ የቴክኖን ታሪክ ይይ። ትራንሽን የተባለው የሼንዘን ኩባንያ በገዛ አገሩ ገበያ ስሙ እምብዛም አይታወቅም፤ አፍሪካ ውስጥ ግን ሳምሰንግን አልፎ ብዙ ስልክ የሚሸጥ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 አዲስ አበባ ላይ መገጣጠሚያ ከፈተ። የአማርኛ ፊደል ያለበት ቀፎ አቀረበ፤ ስልኩ ውስጥ አማርኛ መጻፍ ለብዙ ሰው ሕልም በነበረበት ጊዜ። መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪው ቀናት እንዲቆይ፣ ድምፁ ለሠርግ ቤት እንዲበቃ፣ ካሜራው ጥቁር ፊትን አጥቁሮ እንዳያጠፋ አድርጎ ሠራ። ይህ ጽድቅ አይደለም፤ ንግድ ነው። ቢሆንም ከመሸጡ በፊት የገዢውን ጣት፣ ፊትና ፊደል አይቷል። ሰው በተች ስልክ ዘመንም ቴክኖን ይዞ የቀጠለው በአዋጅ ተገድዶ አይደለም።

«*127# አለ እኮ፣ ያለ አፕም ይሠራል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘውን ያዳነውም እሱ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን እሱም ጽሑፍ ነው፤ ለማንበብ የዘገየ ሰው መስመሩ ይቋረጥበትና ከአንድ ይጀምራል። አዳዲሱ አገልግሎትና ስጦታ ደግሞ የሚጨመረው ሱፐር አፑ ላይ ነው።

በድምፅ መሥራት እንደሚቻል ከማንም መማር አያስፈልግም፤ አገር ውስጥ ተሠርቶ ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የሚባለውን የገበሬዎች መስመር ጀመረ። ገበሬው ይደውላል፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የተቀዳ ድምፅ ይሰማል፣ ስለ ጤፉ ከሆነ አንድ ቁጥር፣ ስለ ስንዴው ከሆነ ሌላ ይጫናል። በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ ተስተናግዷል። ያ ገበሬ ስለ ማዳበሪያ በድምፅ መስማት ከቻለ ስለ ሒሳቡ በድምፅ የማይሰማበት ምክንያት ቴክኒክ አይደለም። «ሦስት ሺህ ብር ከልጅዎ ገብቷል» የሚል አንድ የተቀዳ ድምፅ እማማን ከሱቁ ደጃፍ ያሳርፋቸዋል።

ብሔራዊ ባንክም አፍ አለው። ተቋማቱን ስንት ተመዝጋቢ እንዳላቸው ብቻ ሳይሆን አፓቸው በስክሪን አንባቢ ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። ያልሠራውን አፕ ማሻሻያ ማገድም ሥልጣኑ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ነገር አግዶ ያውቃል።

እስከዚያው አንድ ቀላል ፈተና አለ። የሚቀጥለው ዓመታዊ ሪፖርት በአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ከመቅረቡ በፊት ሥራ አስፈጻሚው ስልካቸውን ያውጡ፣ ቶክባክን ያብሩ፣ ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ በራሳቸው ተቋም አፕ ለአንድ ሰው 100 ብር ይላኩ። ጋዜጠኞችና ካሜራዎች ባሉበት። የሱቁን ልጅ ሳይጠሩ።