ቲተርሽን ለይተሽ አስቀምጪ
የሆሳዕናዋ እህቴ፣ ካርድ የምትሠሪባቸው ቲተሮች በአንድ ፌስታል ተደባልቀው እንዳስቸገሩሽ ጽፈሽልኛል። እኔንም ጉድ ሠርተውኛል! ዱራሜ ላለች ሐዘንተኛ ጓደኛዬ ስቸኩል አትሜ የላክሁት «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለውን ነበር። ስድስት ወር ተኳረፍን።

የሐዲያው ያሆዴና የከምባታው መሳላ ሁለቱም መስከረም ላይ ስለሆኑ የአንዱ ለሌላው እንዳይሄድ በየካርቶኑ ለያያቸው። የልደቱንና የሐዘኑንማ ጭራሽ አታገናኚ። የጎማው ፊደል ተገልብጦ ስለሚታይ ያሳስታል፤ እያንዳንዱን ነጭ ወረቀት ላይ አትመሽ ካርቶኑ ክዳን ላይ ለጥፊ። ስትጨርሺ በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ጥረጊው፤ እንጨቱ እንዳይለቅ አትዘፍዝፊው። ፀሐይ ጎማውን ስለሚያደርቀው ጥላ ይሻላል።

ካርዱ ላይ ከማተምሽ በፊት በቁራጭ ወረቀት ሞክሪ። እኔ ያን ቀን ሞክሬ ቢሆን ኖሮ፣ ጓደኛዬ በምትፈልገኝ ሰዓት አልለያትም ነበር።