ከጭሱ በፊት ውሸቱ

ለንደን ውስጥ ስትሪትሃም ሃይ ሮድ ላይ ምሽት ወጣ ያለ ሰው የካናቢስ ሽታ ሳያገኘው አይመለስም። እዚህ ልጅ የምናሳድግ ሐበሾች ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ይኸው ነው፤ ልጅ ሲያጨስም ጥፋቱን ቶሎ ብለን በጓደኛ እናሳብባለን። እኔን ግን ወደ ቤታችን እንድመለከት ያደረገኝ የሕንዱ ፊልም «ሃሬ ራማ ሃሬ ክሪሽና» ነው።

ዳይሬክተሩ ዴቭ አናንድ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1971 ለእይታ አበቃው። መነሻው ካትማንዱ ውስጥ ከሂፒዎች መሃል ያያት አንዲት ሕንዳዊት ወጣት ነበረች። ያኔ ኔፓል ውስጥ ሐሺሽ በፈቃድ በሱቅ ይሸጥ ነበር፤ ፈቃዱ የተነሳው በ1973 ነው።

በፊልሙ ዚናት አማን የተጫወተቻት ጃስቢር ግን የጠፋችው ካትማንዱ ላይ አይደለም፤ ሞንትሪያል ውስጥ፣ ወላጆቿ የተለያዩ ዕለት ነው። ወንድሟ ከእናቱ ጋር ሄደ፤ እሷ ከአባቷ ዘንድ ቀረች። ስለ እናቷና ስለ ወንድሟ ስትጠይቅ «ሞተዋል» አሏት፤ በሕይወት ያሉትን መርዶ አረዷት። ወንድሟ ዓመታት ቆይቶ ሲያገኛት ስሟን ጃኒስ ብላ ከሂፒዎቹ ጋር ታጨሳለች፤ ወንድሟ በሕይወት እንዳለም አታውቅም።

ከፊልሙ የሰው አፍ ላይ የቀረው አሻ ቦስሌ የዘፈነችው የአጫሾቹ ዘፈን «ደም ማሮ ደም» ነው። ወንድምየው ወጣቶቹን የሚገሥጽበት ዘፈን ያን ያህል አልገነነም። ተግሣጽ ብቻውን ልጅ አይመልስም።

እኛም ቤት አባት እዚህ፣ እናት አዲስ አበባ የሆኑበት ልጅ ሞልቷል። «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ሲል «ወረቀቷ አላለቀም» እንለዋለን። ማታ በስልክ ስለ ፍቺው ስንጨቃጨቅ ግን በግድግዳው በኩል ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚያምነውን ሰው ውጭ ይፈልጋል።

በዚህ አገር ካናቢስ የተከለከለ ነው፤ ጫትም ከሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። ሕግ ሻጩን ይቀጣል እንጂ ለልጅ የእናቱን ነገር አይነግረውም።

እኛ መርዶ እንኳ ስናረዳ ዘመድ ሰብስበን፣ ማለዳ ሄደን፣ ሐዘንተኛውን ከበን ነው፤ ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳያገኘው። ለልጆቻችንም ይኸው ወግ ይገባቸዋል። ፍቺ ከሆነ አጠገቡ ተቀምጠን ፍቺ ነው እንበለው። እናቱ ካለች ደውለን እናገናኘው። ጃስቢር እውነቱን ስታውቅ ዘግይቶ ነበር፤ በገዛ እጇ ሞተች። የእኛ ልጆች ግን ገና ከእኛ ጋር ናቸው፤ ዛሬ ብንነግራቸው ይደርሳል።