ቺፕ ሲበዛ አዲስ ተጫዋች ይመጣል?

ቅዳሜ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተሰይመናል። የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። “ካፒቴን ማን አደረግክ?”፣ “ትሪፕል ካፒቴኑን ላውጣው ወይስ ላቆየው?” ሌላ ወሬ የለም። የእህቴ ልጅ ከጎኔ ሆኖ ሲያዳምጥ ቆየና “ጋሼ፣ እኔም ልግባ?” አለኝ። በሉ አስረዱት አልኩ።

አስረዱት! ዋይልድ ካርድ፣ ፍሪ ሂት፣ ቤንች ቡስት፣ ትሪፕል ካፒቴን፤ በ2025/26 ደግሞ እያንዳንዱ ሁለት ሁለቴ ሆኖ በድምሩ ስምንት። ተከላካይ ኳስ በማራቅ፣ በመሸፈን፣ በማቋረጥና በመንጠቅ 10 ከሞላ 2 ነጥብ፤ አማካይና አጥቂ ያስመለሷት ኳስም ተቆጥራላቸው 12 ሲሞሉ። ልጁ “ይቅርብኝ” አለና ስልኩን ከፍቶ የቤቲንግ ቲኬት ቆረጠ። እዚያ ጥያቄው አንድ ነው፤ ማን ያሸንፋል? የምሳው ብር ከእረፍት በፊት አለቀች።

“ውስብስብነቱ እኮ ነው የሚጣፍጠው” የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነት ነው፣ ግን ለእኛ ነው። እኛ ገብተናል። የጀመርነው በ100 ሚሊዮን 15 ተጫዋች፣ ከአንድ ክለብ ከሦስት አይበልጥም ተብለን ነው፤ አንድ ሻይ ሳያልቅ የሚገባ ነገር። ቺፑ በኋላ መጣና እንዳንሰለች ያዘን። መያዝና መጥራት ደግሞ ለየቅል ናቸው።

በውጭ አገር የሚሰበሰቡ የካርድ ጨዋታዎችን ተመልከቱ። ሪቻርድ ጋርፊልድ በ1993 ያወጣው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ሙሉ ሕጉ ዛሬ ከ200 ገጽ በላይ ነው። ታዲያ ያን አንብቦ የሚጀምር አለ? ጎኑ የተቀመጠ ጓደኛ ካርድ ያበድረውና ይጫወታል። ፖክሞንንም ብዙ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰበስበው ለሥዕሉ ነው። እኛስ ቆርኪ ስንሰበስብ ሕግ አጥንተን ነበር እንዴ? ኳስም 17 ሕግ አላት፤ በጨርቅ ኳስ ስንጀምር ግን የምናውቀው “በእጅ አትንካ” የምትለዋን ብቻ ነበር። ኦፍሳይድን ያወቅነው በኋላ ነው፣ እሱንም እየተሰደብን።

“የፋንታሲ ተጫዋች ከ11 ሚሊዮን አልፎ የለ?” ትሉኝ ይሆናል። አልፏል። ግን ነፃ ነው፣ ጓደኛም ይጠራል። በእኛ ሊግ ነሐሴ ላይ ሁሉም ቡድን ይሠራል፤ ገና ሲደርስ ግማሹ የተጎዳ ተጫዋች እንኳ አይቀይርም። ቺፑ የሚቀረው እኛው ሽማግሌዎቹ እጅ ነው።

ስለዚህ ለሊጋችን አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። አዲስ የገባ እስከ ገና ድረስ ቺፕ የሚባል ቃል አይነገረው። አሥራ አንዱንና ካፒቴኑን ይምረጥ፣ ሰኞ ጠዋት እንሳቅበት፣ በቃ። ሁለት ሰዎች “ጨዋታውን አቀለልከው” ብለው ተቆጥተዋል። የእህቴ ልጅ ግን ገብቷል። ያለፈው ሳምንት ካፒቴኑ ቋሚ ያልተሰለፈ በረኛ ነበር፤ እስካሁን እየሳቅንበት ነው፣ እሱም አብሮን ይስቃል።