«ጊቭ አፕ» ሲባል ምን ተሰጠ?

ይህ እትም የእንግሊዝኛን ፈሊጦችና ጥምር ግሶች ይዞ ቀርቧል።

የደብረ ማርቆስ ተማሪ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም የሚጠብቀው በዚሁ ቋንቋ ነው። የ2014ቱን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ባይሆንም። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ ብሎ የሸመደደ ልጅ «ጊቭ አፕ» መተው፣ ተስፋ መቁረጥ መሆኑን ከየት ያገኘዋል?

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ቁጭ አለ» ሲባል የተናገረ የለም፤ «ልብ ገዛ» ሲባልም ገበያ የወጣ የለም።

በውስጥ ገጾች «ሉክ አፍተር» ከ«ሉክ ፎር»፣ መንከባከብ ከመፈለግ፣ በዕለታዊ ንግግር ተለይተው ይገኛሉ። መምህራንን ግን ዝግጅት ክፍሉ አደራ ይላል፦ ዝርዝሩን ለሽምደዳ አትስጡ፤ ተማሪው ዓረፍተ ነገር ይሥራበት።