ብቅል ለምን ይሞቃል?



በመንዝ፣ በዘመሮ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ገብስ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖና ድንጋይ ተጭኖት ሲበቅል እጅ ቢያስገቡበት ይሞቃል። ሙቀቱ ከፀሐይም ከምድጃም የመጣ አይደለም። ፍሬው ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ለውጦ፣ ስኳሩን በኦክሲጅን እያቃጠለ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሲያወጣ፣ ለዕድገቱ ካዋለው የሚተርፈው ኃይል ነው። ተማሪዎቻችን ይህን በቤታቸው በእጃቸው ዳስሰውት ሳለ፣ በክፍል ግን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ በቃላቸው ያጠኑታል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ «ዕቃ የለም» ነው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ዕቃው ነበረ፤ ዳሩ ግን እንዳይሰበር ተብሎ ስለተቆለፈበት በቁም ሣጥኑ መስታወት በኩል ብቻ እናየው ነበር። ስለዚህ ችግሩ የዕቃ ብቻ አይመስለኝም።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎች ቤት ሁለት ፔርሙዝ ተዋስን። በአንደኛው የበቀለ ገብስ፣ በሁለተኛው ያንኑ ያህል ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ገብስ ጨምረን ቴርሞሜትር ሰካንባቸው። አፋቸውን በበግ ጠጉር ደፈንን፤ ለዚህ መንዝ አይቸገርም። ሁለቱም 15 ዲግሪ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን የበቀለው 22 ሲደርስ የተቀቀለው ካለበት አልተነቃነቀም።

በዚህ ብናበቃ ኖሮ መጽሐፉ ያለውን ደግመን ማየታችን ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን የተቀቀለውም ይሞቅ ጀመር። አንዲት ተማሪ ተነሥታ «መምህር፣ የሞተ ፍሬ እንዴት ይሞቃል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ገልብጠን ብናየው ሻግቷል፤ ለካስ የሚተነፍሰው ገብሱ ሳይሆን ሻጋታው ኖሯል። በማግሥቱ ሳምንት አዲስ ገብስ አዘጋጅተን፣ ሁለቱንም በቀጠነ በረኪና አጥበንና በውሃ አለቅልቀን ደገምነው። የተቀቀለው እስከ መጨረሻው ቀዝቅዞ ቀረ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ይህን በፔርሙዝ እንፈውሰዋለን አልልም። ነገር ግን የዚያችን ልጅ ጥያቄ ምርጫ በማክበብ የሚመለስ ፈተና አያስነሣውም። ስለዚህ ተማሪው ራሱ ለክቶ የጻፈው አንድ ሙከራ በየሴሚስተሩ ከክፍል ውጤቱ 10 ነጥብ ይያዝለት እላለሁ። ማርክ ለሌለው ነገር መምህሩም ተማሪውም ጊዜ አይሰጡትም፤ ይህን ያላየ መምህር ያለ አይመስለኝም።

መምህሩ ያደላል የሚሉ ይኖራሉ። ደብተሩ ይታይ! በክፍሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ መምህሩ ይጠየቅ።

ፔርሙዞቹን ለባለቤቶቻቸው መልሰናል። አንደኛዋ እናት ግን ቡናው እስከ ዛሬ በረኪና በረኪና ይላል ብለው ስለ ወቀሱኝ፣ ለዘንድሮው ሁለት ፔርሙዝ እንዲገዛልን ማመልከቻ አስገብቼ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

አንድ መምህር
ከዘመሮ